ስድስትና ሁለት

አዌቱ ሞልቶ ባደረ፣ ጭቃው ባልደረቀ ማለዳ
ፒክአፑ ወደ ኮቺ ወጣ፣ እየተገፋ እንደ ዕዳ።
እትዬ መፍቱሃ መሪው ላይ፣ ስምንት ጄሪካን ማር ከገራ፣
ከኋላ አራት ጎረምሳ፣ ከላይ የተቀደደ ሸራ።

«ሜዳውን ችሎ ይሄዳል፣ ዳገት ሲያይ ግን ይፈዛል፤
ነዳጅ ስረግጥ ያጓራል፣ ጅሬን ስር ቆሞ ይተክዛል።
የአጂፑ መካኒክ አይቶ፣ ካምቢዮው ሞቷል ብሎ ፈረደ፤
የመርካቶው ደግሞ መጣና ዋጋ ቆልሎብኝ ሄደ።
‹አውቶማቲክ ጅማ አይሠራም፤ አውርደሽ ማንዋል አስገቢ፣
ወይም በኪሎ ሽጪውና ሌላ ሥራሽን አስቢ።›»

እኔ አልፈረድኩም። መለኪያውን መዝዤ ዘይቱን አሸተትኩ፤
ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ ጣልኩ።
ቀይ ነው። አልተቃጠለም።
ሬሳ እንዲህ አይሸትም።

የዚህ ዘመን ማሽን ብሰካ፣ ሽማግሌው መች ያወራል?
በዱሮው ቋንቋ ካልጠየቁት፣ አፉን ይዞ ያቀረቅራል።
ቦኔቱ ስር ጥቁር ሳጥን አለች፣ ክዳኗ የተሰነጠቀ፤
ነዚፍ አቧራውን እፍ ሲል ፊቱ በዝገት ደመቀ።
ከተጣለ ቻርጀር የቆረጥኳትን ሽቦ ሁለት ቀዳዳ ላይ ሰካሁ፣
ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተር ሳላስነሳ።
«ቁጠር» አልኩት። እኔም ጠበቅሁ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብጫ መብራት፣ ስንት ዘመን የተረሳች፣
ብልጭ።
ብልጭ። ብልጭ።
ስድስቴ ጠቀሰችና ትንፋሽ ወስዳ ዐረፈች፤
ከዚያ ሁለቴ። ደግሞ ዝም። ደግሞ ከስድስት ጀመረች።

ነዚፍ «ስልሳ ሁለት!» ሲል፣ ሎተሪ የወጣለት መስሎ፣
እሷ «ሺህ?» አለች፣ የፊቷ ደም በአንዴ ኮብልሎ።

«ብር አይደለም እትዬ፤ አንደኛው ሶሌኖይድ ማለት ነው፤
አንደኛ ማርሽን የሚከፍት፣ በር ጠባቂ የምንለው።
እሱ ሲያኮርፍ ሦስተኛን ይዞ ይነሳል መኪናሽ፤
ሳይድህ ሩጥ ያሉት ሕፃን እንዴት ዳገት ይውጣልሽ?»

ግን ቁጥር በሩን ያሳያል እንጂ፣ የሌባውን ስም አይጠራም፤
ሽቦው ይሁን ሶሌኖይዱ፣ ከላይ ሆነው አይጣራም።
ካርቶን አንጥፌ ከስር ገባሁ፤ ጭቃው አንገቴ ላይ ይወርዳል።
ቴስተሩን ሶሌኖይዱ ጫፍ አስነካሁ፤ አሥራ ሦስት ይላል።
ጤነኛ ነው። ሽቦውን ያዝኩና ወደ ላይ ተከተልኩ፣
በጣቴ፣ ዓይን እንደሌለው፣ ጨለማውን እየዳሰስኩ።
ጭስ ማውጫው አጠገብ ደረስኩ። ላስቲኩ ቀልጦ፣ ተገሽልጦ፣
መዳቡ ብረቱን ነክቶታል፣ እንደ ገጣጣ ጥርስ አግጦ።
እዚያው፣ ሽቦውን ከቱቦው ጋር ያሰረ
አረንጓዴ ቴፕ ነበረ።

አምና ክረምት፣ ጥቁሩ ቴፕ ከመርካቶ ጠፍቶ ሲከርም፣
አረንጓዴ የገዛ መካኒክ ከእኔ በቀር አላውቅም።
ጭስ ማውጫውን የበየድኩላት፣ ሽቦውን ያሰርኩት፣ እኔ፤
ርቦኝ፣ ስቸኩል፣ ርቀቱን የለካሁት በዓይኔ።

ከስር ቆየሁ። ከዚያ ሆኜ ጫማዋ ብቻ ይታየኛል፤
ኮንጎ ጫማ፣ ማር የነካው። ሌላ ቀን ቢሆን ጉንዳን ሲዞረው ያስቀኛል።
ቴፑን ልጬ ኪሴ ብከተው፣ ነዚፍም እሷም አያዩም፤
«ብልሽት ነው» ይባላል፤ ብልሽት ደግሞ ስም የለውም።

ወጣሁ። ቴፑን መዳፌ ላይ ዘርግቼ አሳየኋት፤
«ብልሽት አይደለም፤ ጥፋት ነው። የኔ ነው» አልኳት።
አልጮኸችም። ቴፑን ብቻ አየችው፣ ደጋግማ ገልብጣ፤
«ሦስት ወር በሰው መኪና ጫንኩ፤ ትርፌ በየዳገቱ ወጣ።»

መዳቡን ነዚፍ በየደ፣ እኔ አዲስ ላስቲክ አለበስኩት፤
በዓይን አይደለም፤ በስንዝር ለክቼ ከጭስ ማውጫው አራቅኩት።
ሒሳብ አልጠየቅኩም። እሷም ስንት ነው አላለች፤
አንድ ጣሳ ማር አወረደች፤ አሰበችና፣ መልሳ ጫነች።

ወደ ጅሬን ነዳች፤ እኔ ጎኗ፣ ነዚፍ ከኋላ ከማሩ ጋራ፤
ዳገቱ ስር ፍሬን ለቀቀች። ከመኪናው በቀር ሁሉም ፈራ።
ከእግራችን ስር፣ ጉሮሮ እንደሚጠርግ ሰው፣ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤
ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ዳገቱን አዘለ።

«ገባ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከአስፋልቱ ሳታነሳ።

«ገባኝ» አልኳት።